በለንደን ያየነውን ለእናታችን ጻፍንላት



እኛ እህትና ወንድም ነን። ሁለታችንም ተማሪዎች ነን። አገራችን ወሎ፣ ደላንታ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እንግሊዝ አገር ሄድን። ለንደን የሚኖሩ አክስት አሉን። እትዬ እንላቸዋለን። ከደመወዛቸው ቆጥበው የአይሮፕላን ቲኬት ገዙልን። እዚያ አምስት ሳምንት ቆየን።

ልንሄድ ስንል እናታችን አንድ ደብተር ሰጠችን። «ያያችሁትን ሁሉ በዚህ ላይ ጻፉልኝ። ፊደሉን ጎላ አድርጉት። ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ራሴ ነኝ የማነበው» አለችን።

እናታችን ገበሬ ናት። ፊደል የቆጠረችው በዚያው ዓመት በማታ ትምህርት ነው። እኛም በየማታው እየተቀመጥን ጻፍን። አሁን ለእናንተ የምናቀርበው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። የውጭ አገር ነገር ስንናገር ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን።

ፀሐይ የማትጠልቅበት ማታ

በእኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። በእንግሊዝ ግን የሙቀት ወራት ናቸው። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። የመናፈሻው ሣር እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ አገኘነው። «ለንደን ዝናብ አይጠፋም» ሲሉን ነበር። እኛ የደረስንበት ጊዜ ድርቅ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ እራት በልተን ጨረስን። ሰዓቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። በመስኮት ስናይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እንዴ! ሰዓቱ የተበላሸ መሰለን። እትዬ ሳቁብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር ቀጥ ብላ አይደለም የምትሽከረከረው፤ ዘንበል ብላ ነው። እንግሊዝ አገር ወደ ሰሜን በጣም የራቀ ነው። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ ቀኑ ይረዝማል። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። የእኛ አገር ለምድር መቀነት ቅርብ ስለሆነ ቀንና ሌሊቱ ብዙም አይበላለጥም። ጠዋት 1 ሰዓት ብለን ከፀሐይ መውጣት ጋር መቁጠር የቻልነው ለዚህ ነው። እነርሱ እንዲህ እንቁጠር ቢሉ በየወሩ ሰዓታቸውን ሊለውጡ ነው።

በቀለም የሚነበብ መንገድ

በለንደን ከመሬት በታች ባቡር ይሄዳል። ይህ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1863 ነው። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ነበሩ።

ወደ ባቡሩ የሚወርዱት ራሱ በሚንቀሳቀስ የብረት ደረጃ ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው በቀኝ ይቆማል። የቸኮለ በግራ ያልፋል። ይህን ሳናውቅ ግራና ቀኙን ዘግተን ቆምን። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። በጣም አፈርን።

በሁለተኛው ቀን ብቻችንን ወጥተን ጠፋን። ባቡሩ ትክክለኛው ነበር። አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነበር። ወደ ምሥራቅ መሄድ ሲገባን ወደ ምዕራብ ሄድን። ሁለታችንም እንግሊዝኛ እናነባለን፤ ግን ቸኩለን ምልክቱን አላነበብንም።

እትዬ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። እርሳቸው ግን አንድም ቀን ጠፍተው አያውቁም። «ምን ያስጠፋል? ቀዩን ይዤ ወርጄ ጥቁሩን እይዛለሁ» አሉን። እውነት ነው፤ በባቡሩ ካርታ ላይ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቀለም አለው። ይህን ካርታ የነደፈው ሃሪ ቤክ የሚባል የኤሌክትሪክ ሥራ ንድፍ አውጪ ነው። ካርታው ታትሞ የወጣው በ1933 ነው። ሰውየው የመንገዱን ጠመዝማዛ ሁሉ ተወው። ቀጥ ያለ መስመርና መገናኛ ብቻ አስቀረ። «ተጓዥ የሚፈልገው የት ወርዶ የት እንደሚሳፈር ነው» ብሎ ነው። እትዬ ይህን ካርታ በቃላቸው ያውቁታል።

ዓሣ ነባሪው

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ማለት የድሮ ዕቃና የተፈጥሮ ነገር ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው።

በሩን አልፈን ቀና ስንል የአንድ ዓሣ ነባሪ አፅም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ 25 ሜትር ነው። አሥር በሬ በተርታ ቢቆም ያህላል። ይህ እንስሳ በ1891 በአየርላንድ ባሕር ዳር ወጥቶ የሞተ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ ዓይነቱ ዓሣ ነባሪ የሚበልጥ እንስሳ የለም። ዓሣ ይባል እንጂ ልጁን የሚያጠባ ነው።

ሰው ለዘይቱና ለሥጋው ብሎ ይህን እንስሳ ሊጨርሰው ትንሽ ቀርቶት ነበር። በ1966 መገደሉ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተራባ ነው። ይህን ስናነብ የአገራችን ዋልያ ትዝ አለን።

ጭቃ ላይ የተጻፈ አቤቱታ

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄድን። ሙዚየሙ የተቋቋመው በ1753 ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1759 ነው። መግቢያው በነፃ ነው።

እትዬ ለብዙ ዓመት በዚያው ሰፈር ቢሮ ሲያጸዱ ኖረዋል። በየቀኑ በሙዚየሙ በር ያልፋሉ። አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። «ለምን?» አልናቸው። «የተማሩ ሰዎች ቤት መስሎኝ» አሉ። በነፃ መሆኑንም አላወቁም ነበር። በሩ ላይ ተጽፏል። ግን ማን አነበበላቸው? በዚያ ቀን እጃቸውን ይዘን ገባን።

ውስጡ ሰፊ ነው። በአንድ ቀን አይጠገብም። እኛን የያዘን ግን ትንንሽ የሸክላ ጡቦች ናቸው። ከኢራቅ አገር የመጡ ናቸው። የጥንት ሰዎች እርጥብ ጭቃ ያድቦለቡሉና በሸምበቆ ጫፍ እየወጉ ይጽፉበት ነበር። በዓለም ላይ ከታወቁት ጽሑፎች ሁሉ እነዚህ ከቀደምቶቹ ናቸው።

አንደኛው ጡብ 5000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ምን የተጻፈበት ይመስላችኋል? የንጉሥ ገድል አይደለም። ለሠራተኞች ቀለብ የተሰጠ የገብስ ጠላ ሒሳብ ነው! ጠላው በእንስራ ሥዕል ተመልክቷል። ይህን ለእትዬ ስንነግራቸው «በሉ እንግዲህ፣ ጽሕፈት የተጀመረው በጠማቂ ቤት ነው» አሉ። በእርግጥም ሰው መጀመሪያ ከጻፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የእህልና የቀለብ ሒሳብ እንዳይጠፋበት ነው።

ሌላው ጡብ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የ3700 ዓመት ዕድሜ አለው። ደብዳቤ ነው። የጻፈው ናኒ የሚባል ሰው ነው። የተጻፈው ኢአ ናሲር ለሚባል የመዳብ ነጋዴ ነው። ነገሩ አቤቱታ ነው። ጥሩ መዳብ እሰጥሃለሁ ብለህ መጥፎ መዳብ አቀረብክልኝ፤ የላክሁትንም መልእክተኛ ናቅህ ይላል። ሁለቱም ሰዎች ከሞቱ ስንት ሺህ ዓመት ሆነ። ከተማቸውም ፈርሷል። የናኒ አቤቱታ ግን ዛሬም ይነበባል። ሰውየው በቃሉ ብቻ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

የነነዌ ንጉሥ አሹርባኒፓልም እንዲህ ያሉ ጡቦችን ሰብስቦ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። ጡቡና ስብርባሪው ከ30,000 ይበልጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ጠላት መጥቶ ከተማዋን አቃጠለ። የሸክላው ነገር ግን ይገርማል። እሳት ወረቀትን ያጠፋል፤ ሸክላን ግን ይተኩሳል። አቃጣዮቹ ሊያጠፉት የፈለጉት ከተማ ጽሑፉ ሳይጠፋ ቀረ።

ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ያለው ድንጋይ

በአንድ አዳራሽ ሰው ተጋፍቶ ቆሟል። የሚያየው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። የሮዜታ ድንጋይ ይባላል። ክብደቱ 760 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች በግብፅ አገር አገኙት። እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ሲያሸንፉ ወሰዱት።

በድንጋዩ ላይ አንድ አዋጅ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተቀርጿል። አንዱ የጥንት ግብፅ የሥዕል ጽሕፈት ነው። ሁለተኛው ተራው ግብፃዊ የሚጠቀምበት ጽሕፈት ነው። ሦስተኛው ግሪክኛ ነው። የሥዕሉን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው ከጠፋ ከ1000 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግሪክኛ የሚያነብ ግን አልጠፋም።

ሊቃውንቱ ከየት ጀመሩ? ከስም ነው። በግሪክኛው የንጉሡን ስም አገኙ። ከዚያ ያንን ስም በሥዕሉ ጽሕፈት ውስጥ ፈለጉ። ከስሙ ፊደል ለዩ። በመጨረሻም ሻምፖሊዮን የሚባል ፈረንሳዊ በ1822 ምሥጢሩን ፈታው። ይህን በደብተሩ ስንጽፍ እናታችን ትዝ አለችን። እርሷም መጀመሪያ የለየችው የራሷን ስም ነው። ከስሟ ፊደል እየወሰደች ሌላውን ቃል አነበበች።

የእኛ የሆነው

በአራተኛው ሳምንት ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሄድን። በዚያ ዓመት ስለ መቅደላ ልዩ ትርኢት ነበር። ጦርነቱ ከሆነ 150 ዓመት ስለሞላው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነትና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ፈለጉ። ደብዳቤው ደረሰ፤ መልስ ግን አልመጣላቸውም። ንጉሡ ተቆጡ። የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝም እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ላከ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ጦሩ መቅደላ አምባ ላይ ወጣ። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ። ንጉሡ ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች ያሰባሰቡት ብዙ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት እዚያ ነበር። ያን ሁሉ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ ይባላል።

በመስተዋት ውስጥ የወርቅ ዘውድ አየን። የወርቅ ጽዋም አየን። በጽዋው ላይ በግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ተቀርጿል። የአፄ ኢያሱና የእናታቸው የእቴጌ ምንትዋብ ስጦታ መሆኑን ይናገራል። የተሰጠው ጎንደር ላለው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ሰው መጥቶ አይቶ ያልፋል። ፊደሉን ግን አያውቀውም። እኛ ከመስተዋቱ ፊት ቆመን ፊደል በፊደል ለየን። ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር መሰል፣ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ «ይህ ይነበባል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። «አዎ፤ ይኸው እናነበዋለን» አልናቸው።

ከጽዋው ወዲያ አንድ የሴት ቀሚስ ነበር። የጥጥ ቀሚስ ነው። በሐር ክር ተጠልፏል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነበር ተብሎ ይታመናል። እቴጌይቱ ከመቅደላ ሲወሰዱ በመንገድ ላይ ሞቱ። የ7 ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ብቻውን እንግሊዝ አገር ደረሰ። እርሱም በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በዊንድሰር ነው። እትዬ ቀሚሱን አይተው ዝም አሉ። ቆይተው «የሴት ልጅ ቀሚስ እንኳ አልቀረም» አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር አነበብን። እንግሊዞች ከመቅደላ ያመጡትን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ሸጡት። ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ ሰውም በጨረታው ነበር። ብዙ መጻሕፍት ገዛ። ዛሬ 350 ያህል የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ለንደን ባለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ደላንታ! ከብት ስንጠብቅ ያደግንበት አገር! ከደላንታ ጫፍ ላይ ሲቆሙ መቅደላ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ ይታያል። መቅደላን እናውቃለን። የጨረታውን ነገር ግን ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። የአገራችንን ነገር ለንደን ሄደን አነበብን።

ታቦታቱ

በመጨረሻው ሳምንት እትዬ «ወደዚያ ወደ ትልቁ ሙዚየም መልሳችሁ ውሰዱኝ» አሉን። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም። የሙዚየሙ ሠራተኞችም እንኳ እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ለብቻ ተቀምጠዋል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ማንም የማያያቸው ከሆነ ለምን ይዘዋቸው ይኖራሉ?» አሉ። እኛም መልስ አልነበረንም።

እትዬ ወደ ውስጥ አልገቡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጅ ቆሙ። ወደ ሕንፃው ዞረው ተሳለሙ። መንገደኛው እያያቸው ያልፋል። እኛም አብረናቸው ቆምን።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ተመልሷል። በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ከአንድ የለንደን ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተሰጠ። በ2021 ደግሞ ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫና የጸሎት መጽሐፍ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተመለሱ። ዘውዱና ጽዋው ግን አልተመለሱም። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ኃላፊ በ2018 ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት መስጠት እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ኢትዮጵያ ግን የጠየቀችው ውሰት አይደለም፤ ንብረቷ እንዲመለስ ነው።

እናታችን አነበበች

አገራችን ስንገባ ነሐሴ ሊያልቅ ነበር። ደብተሩን ለእናታችን ሰጠናት። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ታነበዋለች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር ታስኬዳለች። እኛ እንርዳሽ ስንላት «ተዉኝ» ትላለች። ዘጠኝ ማታ ፈጀባት።

ስለ ጠላው ሒሳብ ስታነብ ሳቀች። ውሰት የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ቀና አለች። «የራሴን ላም ማን ያውሰኛል?» አለች።

ደላንታ የሚለውን ስታገኝ ደግሞ ጣቷ ቆመ። መልሳ አነበበችው። «እዚህ ሜዳ ላይ?» አለች። «አዎ፣ እማዬ» አልናት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አያቴ የፈረንጅ ጦር የወጣበትን መንገድ ከአባቱ ሰምቶ ይነግረን ነበር። የተደበቀ እህል፣ የተወሰደ በቅሎ፣ ሁሉን ይነግረን ነበር። ፈረንጆቹ የእነሱን ጽፈው አስቀመጡ። የአያቴን ማን ጻፈው?»

በደብተሩ መጨረሻ 11 ባዶ ገጽ ቀርቶ ነበር። እናታችን እርሳስ አምጡልኝ አለችን። መጀመሪያ የአያቷን ስም ጻፈች። ቀጥላ የአባቱን ስም ጻፈች። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አራቱን ገጽ ሞላች። ደብተሩ ዛሬም በሳጥኗ ውስጥ ነው። የቀረውን ገጽ ጎረቤት ያሉትን ሽማግሌ እየጠየቀች ሞልታዋለች።

የቃላት ትርጉም

ጨረታ፦ ብዙ ዋጋ ላቀረበ ሰው ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ።
ውሰት፦ ተጠቅሞ ለመመለስ የሌላ ሰው ዕቃ መውሰድ።
ጽዋ፦ በቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚያገለግል ዋንጫ።
አፅም፦ ሥጋው ያለቀ አጥንት።

እንወያይበት

1. ናኒ አቤቱታውን በጭቃ ላይ ባይጽፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
2. እትዬ ለብዙ ዓመት በሙዚየሙ በር ሲያልፉ ያልገቡት ለምንድን ነው?
3. የመቅደላ ዕቃዎች በውሰት ቢመጡ ትቀበላላችሁ? ለምን?
4. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ግን ያልተጻፈ ታሪክ ምን አለ? ከመካከላችሁ ማን ይጽፈዋል?